የጀርመን ውልና ጨረታ በእንግሊዝኛ ሲነበብ

ሽቱትጋርት ያለ ማሽን አምራች አንካራ ላለ ፋብሪካ ዕቃ ሲሸጥ፣ ሃምቡርግ ያለ ተቋራጭ ዋርሶ ካለ ንዑስ ተቋራጭ ጋር ሲዋዋል፣ ሰነዱ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከተዋዋዮቹ አንዱም እንግሊዛዊ አይደለም፤ ውሉን የሚገዛው ሕግም የእንግሊዝ አይደለም። ሐሳቡ በጀርመንኛ የታሰበ ነው፤ ክርክር ቢነሣ የሚዳኘውም በጀርመን ሕግ ነው። እንግሊዝኛው የገባው ሁለቱን ወገኖች ለማግባባት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ የሕግ ቃል ግን ባዶ እጁን አይመጣም፤ በለንደንና በኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች ለዘመናት የተሰጠውን ትርጉም ይዞ ይመጣል።

ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ የንግድ ውልና የጨረታ ሰነድ መተርጎም በአውሮፓ የቆየ ሙያ ነው። ዳጎስ ያሉ የሕግ መዝገበ ቃላት አሉት። የአውሮፓ ኅብረት «ያቴ» የተባለ የስያሜዎች ቋት ከፍቶለታል። የጀርመን ፍትሕ ሚኒስቴርም ዋና ዋና ሕጎችን በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ በነጻ አቅርቧል። ይህ ሁሉ እያለ ስሕተቱ አልጠፋም። ምክንያቱ አስቸጋሪዎቹ ቃላት እንግዳዎቹ አለመሆናቸው ነው። እንግዳ ቃል ተርጓሚውን አስቁሞ ያስጠይቀዋል። የታወቀ የሚመስለው ቃል ግን ማንም ሳይጠይቀው ያልፋል፤ የክፍያ ቀን፣ የይርጋ ዘመንና የኃላፊነት ልክ አስከትሎም ይሄዳል። ስለዚህ ቃላቱን በዚህ ዳሰሳ የምንመዝናቸው በሚያስከትሉት ውጤት ነው።

ሁለት የሕግ ሥርዓት፣ አንድ መግባቢያ

የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአጭር ስሙ «ቤጌቤ»፣ በ1896 ወጥቶ በ1900 የመጀመሪያ ቀን ሥራ ላይ ዋለ፤ የንግድ ሕጉ «ሃጌቤ»ም አብሮት ጀመረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ተዋዋዮቹ በውላቸው ያላነሡትን ነገር ሕጉ ይሞላላቸዋል። በዚህም ምክንያት የጀርመን ውል አጭር መሆን ይችላል፤ አንድ ቃል ሲጠራ አንድ ሙሉ የሕግ ክፍል ይከተለዋል። የእንግሊዝ ኮመን ሎው በዳኞች ውሳኔ እየተገነባ የመጣ ስለሆነ፣ ተዋዋዮች ሊያጋጥም የሚችለውን ሁሉ ራሳቸው ዘርዝረው መጻፍ ልማዳቸው ነው። የጀርመኑ ውል ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ቃሉ ይሻገራል፤ ከኋላው የነበረው የሕግ ክፍል ግን እዚያው ይቀራል።

ልዩነቱ ከውል አመሠራረት ይጀምራል። በእንግሊዝ ሕግ የተገባ ቃል የሚያስረው ሌላው ወገን በምላሹ አንዳች ዋጋ ያለው ነገር ሲሰጥ ነው፤ ይህን «ኮንሲደሬሽን» ይሉታል። ጀርመን ይህን መስፈርት አታውቀውም። ትርጉሙን ለንደን የተጻፈ ለማስመሰል ሲባል «ኮንሲደሬሽን»ን የሚጠራ የመክፈቻ ሐረግ የሚጨምር ተርጓሚ በዋናው ጽሑፍ የሌለ ነገር አስገብቷል። በሌላ በኩል በቤጌቤ አንቀጽ 145 መሠረት የውል ሐሳብ ያቀረበ ሰው እንደማይገደድ አስቀድሞ ካላስታወቀ በቀር በሐሳቡ ይታሰራል። እንግሊዛዊው ግን ሌላው ወገን እስኪቀበለው ድረስ ሐሳቡን ማንሣት ይችላል። ጀርመኖች ስለ ቅን ልቦና የሚሉት «ትሮይ ኡንት ግላውበን» በአንቀጽ 242 የተቀመጠና ዳኞች በየቀኑ የሚሠሩበት መርሕ ነው። የእንግሊዝ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1992 በዎልፎርድና በማይልስ ክርክር በቅን ልቦና የመደራደር ግዴታን አላስከብርም ብሏል። ስለዚህ «ጉድ ፌይዝ» የሚለው ትርጉም ትክክል ቢሆንም፣ እንግሊዛዊው አንባቢ ጀርመናዊው የሚሰጠውን ክብደት አይሰጠውም።

የጨረታው ስያሜዎች

የጀርመን የመንግሥት ግዥ በሁለት እርከን የተከፈለ ነው። ኅብረቱ ካስቀመጠው የገንዘብ ልክ በላይ የሆነው በአውሮፓ መመሪያ ይመራል፤ ልኩ ለግንባታ ሥራ በ2024 እና በ2025 5,538,000 ዩሮ ነበር። ከዚያ በታች ያለው በአገር ውስጥ ደንብ ይሠራል። እርከኑ ሲቀየር ስያሜውም ይቀየራል። ማንም ብቁ ተጫራች የሚገባበት ጨረታ ከልኩ በላይ «ኦፈነስ ፈርፋረን»፣ ከልኩ በታች ደግሞ «ኧፈንትሊሸ አውስሽራይቡንግ» ይባላል። ተርጓሚው ሁለቱንም «ኦፕን ፕሮሲጀር» ካላቸው፣ አንባቢው የአውሮፓው ደንብ ከነጊዜ ገደቡና ከነአቤቱታ ሥርዓቱ የሚሠራበት ይመስለዋል። ያልተገባ የሚመስል ስያሜም አለ፤ «ፍራይሄንዲገ ፈርጋበ» ቃል በቃል በነጻ እጅ መስጠት ማለት ነው። እንዲሁ ቢገለበጥ ጓዳ ውስጥ የተጨረሰ ግዥ ይመስላል፤ በተግባር ግን የግንባታ ግዥ ደንቡ በወሰናቸው ሁኔታዎች ብቻ የሚፈቀድ በድርድር የሚሰጥ ሥራ ነው። ዕቃና አገልግሎት ላይ አዲሱ የ2017 ደንብ ስሙን «የድርድር ግዥ» ወደሚል ለውጦታል።

ሦስተኛ ቋንቋም አለ፤ የብራስልስ እንግሊዝኛ። ለብሪታንያ የግንባታ ሰው አሠሪው «ኢምፕሎየር»፣ ጨረታው «ቴንደር» ነው። አሜሪካዊው ጨረታውን «ቢድ» ይለዋል። የኅብረቱ መመሪያ ደግሞ አሠሪውን «ኮንትራክቲንግ ኦቶሪቲ»፣ ሥራውን በገበያ የሚያቀርበውን «ኢኮኖሚክ ኦፐሬተር» ብሎ ይጠራዋል። የመጨረሻው ስያሜ ለለንደን ነጋዴ ጆሮ ቢከብደውም፣ በመመሪያው የሚመራ ጨረታ ላይ የሚያስተማምነው እሱ ነው፤ አንባቢው ከሕጉ ጋር አመሳክሮ ሊያገኘው ይችላልና። «ቪርትሻፍትሊሽስተስ አንገቦት» የሚለውም እንዲሁ ነው። ዋጋና ጥራት አብረው ተመዝነው የሚሻለውን ተወዳዳሪ ያመለክታል። «ሞስት ኢኮኖሚካል» ተብሎ ከተተረጎመ ተጫራቹ ርካሹ ያሸንፋል ብሎ ጥራቱን ይቆርጣል። ለዚህ የመመሪያው የእንግሊዝኛ ቅጂ «በኢኮኖሚ የላቀ ጠቀሜታ ያለው» የሚል የራሱ ሐረግ አለው። ብሪታንያ ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ ባወጣችው፣ በየካቲት 2025 ሥራ ላይ በዋለው የግዥ ሕጓ ከዚያ ሐረግ «በኢኮኖሚ» የሚለውን ቃል አውጥታዋለች።

በጨረታው መስክ በጣም አሳሳቹ ቃል «ጹሽላግ» ነው። በሐራጅ ላይ የመዶሻው ምት ማለት ነው። በዋጋ ዝርዝር ውስጥ ጭማሪ ክፍያ ማለት ነው፤ ለሌሊት ሥራ የሚታከለውም «ጹሽላግ» ይባላል። በመንግሥት ግዥ ደግሞ ለአሸናፊው የሚሰጠው ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች «አዋርድ» ብለው ያልፋሉ። በአውሮፓው ቅደም ተከተል ግን በመጀመሪያ የአሸናፊነት ውሳኔ ይሰጣል፤ ቀጥሎ የተሸነፉት እንዲያውቁት ተደርጎ የመጠበቂያ ጊዜ ይቆጠራል፤ ውሉ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። በጀርመን ሕግ ይህ የመጠበቂያ ጊዜ 15 የካሌንደር ቀን ነው፤ ማስታወቂያው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከተላከ 10 ቀን ይሆናል። «ጹሽላግ» የሚሰጠው ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው፤ የተጫራቹን ሐሳብ መቀበል ስለሆነም ውሉን ያስራል። «አዋርድ» የሚለውን ያነበበ የውጭ ተጫራች የአሸናፊነት ውሳኔው ብቻ የተሰጠ፣ የመቃወሚያ ጊዜም የቀረው ሊመስለው ይችላል። ውሉ ከታሰረ በኋላ ግን በሩ ባመዛኙ ተዘግቷል።

«ሩገ» ደግሞ አንድ ቃል ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል። በሃጌቤ አንቀጽ 377 ዕቃ የተረከበ ነጋዴ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ የሚያስታውቅበት ነው፤ ካላስታወቀ ዕቃውን እንደተቀበለው ይቆጠራል። በግዥ ሕጉ ደግሞ ተጫራች የሥነ ሥርዓት ጥሰት ሲያውቅ በ10 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ የሚያቀርበው ተቃውሞ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ የጉድለት ማስታወቂያ፣ ሁለተኛው ተቃውሞ መባል አለበት። በሁለቱም ቦታ «ኮምፕሌይንት» ከተባለ ቅሬታ ማሰማት ብቻ ይመስላል፤ በጊዜው ካልቀረበ መብት የሚያሳጣ መሆኑ አይታይም።

ዝርዝር፣ ዋጋና ቀን

የግንባታ ጨረታ ሰነድ ልቡ «ላይስቱንግስፈርጻይሽኒስ» ነው፤ እኛ የሥራ ዝርዝርና መጠን፣ መሐንዲሶቻችን ቢኦኪው የሚሉት። እንግሊዛዊው «ቢል ኦፍ ኳንቲቲስ» ይለዋል፤ የጀርመኑ ግን መጠንና ዋጋ ከመዘርዘር አልፎ የሥራውን ጥራትና አሠራር በየተራ ቁጥሩ ሥር በዝርዝር ይገልጻል። ስለዚህ ለእንግሊዛዊው በሁለት የተለያዩ ሰነዶች የሚመጣው እዚህ አንድ ላይ ነው፤ ይህንን በመግቢያ ማስታወሻ መግለጽ ያስፈልጋል።

በዝርዝሩ ውስጥ መልካቸው የሚያሳስት ቃላት አሉ። «ኤቬንቱዋልፖዚትዮን» ከእንግሊዝኛው «ኤቨንቹዋል» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የእንግሊዝኛው የማይቀረውን የመጨረሻ ውጤት ሲያመለክት፣ የጀርመንኛው አሠሪው ካዘዘ ብቻ የሚሠራ ተራ ቁጥር ነው። «ባውሄር» ገንቢ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው አሠሪ ነው። «ናኽትራግ» ብዙ ጊዜ «አደንደም» ተብሎ ይወጣል፤ በግንባታ ቦታ ግን ተቋራጩ ከውሉ ውጭ ለተሠራ ወይም ለተለወጠ ሥራ የሚያቀርበው የተጨማሪ ክፍያ ጥያቄ ነው። «አደንደም» ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ጽሑፍ ይመስላል፤ ክርክሩ ግን ገና መጀመሩ ነው።

ቁጥርም ይተረጎማል። ጀርመን ሺዎችን በነጥብ፣ ክፍልፋይን በሰረዝ ትለያለች፤ 1.250,500 እና 1,250.500 አንድ መጠን ናቸው፣ ነጥብና ሰረዙ ቦታ ተለዋውጠው። «ቢልዮን» በጀርመንኛ የእንግሊዝኛው ትሪሊዮን ነው፤ የእንግሊዝኛው ቢሊዮን በጀርመንኛ «ሚልያርደ» ይባላል። ከሁሉ የሚረሳው ግን «ቬርክታግ» ነው። በጀርመን ሕግ ልማድ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፤ የሚወጡት እሑድና በዓላት ብቻ ናቸው። በእንግሊዝኛ «ዎርኪንግ ደይ» ብዙ ጊዜ ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። የመዘግየት መቀጮ በየሥራ ቀኑ ሲቆጠር በሳምንት አንድ ቀን ልዩነት በወራት ውስጥ ትልቅ ገንዘብ ይሆናል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ በትርጓሜ አንቀጹ ቅዳሜ እንደሚቆጠር መጻፍ።

ርክክብ

ከጀርመን የሥራ ውል ቃላት ሁሉ ከባዱ «አብናመ» ነው። አሠሪው ሥራው በመሠረቱ እንደ ውሉ ተሠርቷል ብሎ ሲረከብ ብዙ ነገር በአንድ ቅጽበት ይገለበጣል። ክፍያ ይደርሳል። ሥራው በአደጋ ቢጠፋ ኪሳራው ከተቋራጩ ወደ አሠሪው ይዞራል። እስከዚያ ሥራው እንከን የለውም ብሎ ማስረዳት የተቋራጩ ሸክም ነበር፤ ከዚያ በኋላ እንከን አለው ማለት የአሠሪው ይሆናል። የይርጋው ዘመን መቆጠር ይጀምራል፤ ለሕንፃ በቤጌቤ 5 ዓመት፣ የግንባታ ውሎች ጠቅላላ ሁኔታ በሆነው «ፋውኦቤ» ክፍል ሁለት ደግሞ 4 ዓመት ነው። አሠሪው የሚያውቀውን ጉድለትና የመዘግየት መቀጮውን በዚያ ሰዓት መብቱን ጠብቆ ካልተረከበ፣ የሚያጣቸው መብቶች አሉ። «ፋውኦቤ» መጀመሪያ በ1926 የወጣ ሲሆን፣ በጀርመን ግንባታ ውስጥ ይህን ሰነድ የማያውቅ ተቋራጭ አይገኝም።

አብዛኛው መዝገበ ቃላት «አብናመ»ን «አክሰፕታንስ» ይለዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውል ሐሳብን መቀበልም በእንግሊዝኛ «አክሰፕታንስ» ነው፤ ጀርመንኛው ለዚህ «አንናመ» የሚል ሌላ ቃል አለው። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱ ሲገናኙ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛውና የበለጠው ችግር በዓለም አቀፍ ግንባታ የሚሠራበት የፊዲክ ውል ነው። በ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ አሠሪው ሥራውን መጀመሪያ በርክክብ ሰርተፊኬት ይወስዳል፤ የጉድለት ማስታወቂያ ጊዜው ካለቀ በኋላ ደግሞ መሐንዲሱ የአፈጻጸም ሰርተፊኬት ይሰጣል። ሥራውን «አክሰፕት» አደረገ የሚያሰኘው ይህ የመጨረሻው ብቻ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ፊዲክ የለመደ መሐንዲስ «አክሰፕታንስ» የሚለውን ሲያነብ የሚያስበው ጀርመናዊው ካሰበው ቀን በኋላ ያለውን ነው። በአገራችን በግንባታ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ ብሎ የሚለየው ያው ነገር ነው። «አብናመ» ከሁለቱ አንዱ አይደለም፤ ርክክቡ አንድ ነው፣ መዘዙም የሚጀምረው ያኔውኑ ነው። ለዚህ የሚሻለው «አክሰፕታንስ ኦፍ ዘ ዎርክስ» ብሎ፣ መጀመሪያ ሲነሣ ጀርመንኛውን በቅንፍ አስቀምጦ፣ ውጤቱን በትርጓሜ አንቀጽ መዘርዘር ነው። አሠሪው ዝም ቢል የሚሆነውንም መጨመር ይገባል፤ በፋውኦቤ ሥር ተቋራጩ መጠናቀቁን በጽሑፍ ካስታወቀና ማንም ወገን ርክክብ ካልጠየቀ፣ ሥራው ከ12 የሥራ ቀን በኋላ እንደተረከበ ይቆጠራል።

ዋስትናዎቹ

አማርኛ የሻጭን ኃላፊነት፣ የባንክን ዋስትናና የሰውን ዋስነት በ«ዋስትና» ሊጠቀልል ይችላል። ጀርመንኛ ግን ሦስት ቃል አለው። «ገቬርላይስቱንግ» ዕቃው ወይም ሥራው ጉድለት ሲኖረው ሕጉ ራሱ የሚያስከትለው ኃላፊነት ነው፤ በውል ባይጻፍም አለ። «ጋራንቲ» ከዚያ በላይ በፈቃድ የሚገባ ቃል ነው። «ቡርግሻፍት» ደግሞ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን ነው፤ ዕዳው ከሌለ ዋስትናው የለም።

እንግሊዝኛው በዚህ ላይ ይጣረሳል። «ገቬርላይስቱንግ»ን «ዋራንቲ» ማለት የተለመደ ነው፤ በእንግሊዝ ሕግ ግን «ዋራንቲ» ሲጣስ ካሳ ከማስከፈል በቀር ውሉን የማያስቀር የውል ቃል ነው። የጀርመኑ ገዥ መጀመሪያ እንዲጠገን ወይም እንዲተካ ይጠይቃል፤ ካልሆነ ዋጋ ያስቀንሳል ወይም ከውሉ ይወጣል። ለዚህ «የጉድለት ኃላፊነት» የሚል ገላጭ ሐረግ ይሻላል።

«ጋራንቲ» ከእንግሊዝኛው «ጋራንቲ» ጋር ድምፁ አንድ ስለሆነ የበለጠ ያሳስታል። በእንግሊዝ ሕግ «ጋራንቲ» በሌላው ዕዳ ላይ የተንጠለጠለ ዋስነት ነው፤ ለጀርመኑ «ቡርግሻፍት» የሚቀርበው እሱ ነው። ከዕዳው ነጻ ሆኖ የሚቆመውን ግዴታ እንግሊዞች «ኢንደምኒቲ» ወይም የባንክ ሰነድ ሲሆን «ዲማንድ ጋራንቲ» ይሉታል፤ ለዚህኛው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት በ2010 ሥራ ላይ የዋለ 758 የተባለ የደንብ ስብስብ አለው። ጨረታ ማስከበሪያ ወይም የውል ማስከበሪያ የሚጠየቅ ተጫራች ባንኩ የትኛውን እንዲያወጣ ሊያውቅ ይገባል። «ዜልብስትሹልድነሪሽ» የሚል ቅጽል ሲጨመር ዋሱ መጀመሪያ ባለዕዳውን ክሰስልኝ የማለት መብቱን ተወ ማለት ነው። «አውፍ ኧርስተስ አንፎርደርን» ሲባል ደግሞ በመጀመሪያው ጥያቄ ይከፍላል፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይሆናል። እነዚህን ቅጽሎች እንደ ማሳመሪያ ቆጥሮ የሚዘልል ትርጉም ባንኩ ሊሸከም ያልፈለገውን አደጋ ያሸክመዋል።

መቀጮና መውጫ

ለዘገየ ተቋራጭ የሚጻፈው «ፈርትራግስሽትራፈ» ቃል በቃል የውል ቅጣት ነው። የእንግሊዝ ዳኞች በ1915ቱ የደንሎፕ ጎማ ክርክር በተቀመጠው መስፈርት ቅጣት ነው ያሉትን አንቀጽ አያስፈጽሙም ነበር፤ የሚያስፈጽሙት አስቀድሞ የተገመተ የጉዳት ካሳን ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በማክዴሲ ጉዳይ መስፈርቱን አላልቶታል፤ አሁን የሚጠየቀው መቀጮው ሊጠብቀው ከሚገባው ሕጋዊ ጥቅም ጋር ሲነጻጸር ከመጠን ያለፈ መሆኑ ነው። በጀርመን ግን የውል ቅጣት ሕጋዊ ነው። ዳኛ ሊቀንሰው ይችላል፤ ነጋዴ ግን በሃጌቤ አንቀጽ 348 ምክንያት ይቀነስልኝ ማለት አይችልም። አስቀድመው በተዘጋጁ ጠቅላላ የግንባታ ውል ሁኔታዎች ውስጥ ደግሞ የጀርመን ፌዴራል ፍርድ ቤት ጠቅላላው መቀጮ ከውሉ ዋጋ 5 በመቶ እንዳያልፍ ወስኗል። «ሊኩዊዴትድ ዳሜጅስ» የሚለው ትርጉም ለእንግሊዛዊው የሚስማማ ቢመስልም፣ ጀርመንኛ በግምት የተወሰነ ካሳ ለሚባለው የራሱ ሌላ ስያሜ አለው፤ ሁለቱ በአንድ ሰነድ ሲገኙ ትርጉሙ ያዛባቸዋል። «ኮንትራክቹዋል ፔናልቲ» ማለት ለውሉ ይታመናል፤ ገዥው ሕግ የእንግሊዝ ከሆነ ግን ይህ የአተረጓጎም ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የጠበቃ ጥያቄ ይሆናል።

ከውል መውጫውም ብዙ በር አለው። «ሩክትሪት» ውሉን ወደ ኋላ ገልብጦ የተሰጠውን ያስመልሳል። «ኩንዲጉንግ» ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቋርጠዋል። «አንፌኽቱንግ» በስሕተት ወይም በማታለል የተደረገውን ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ያደርገዋል። «ቪደሩፍ» ሸማች ሐሳቡን የሚቀይርበት ነው። ሁሉንም «ካንሰል» ማለት የሚመለስና የማይመለስ ገንዘብን ይቀላቅላል። ዓለም አቀፉ የዕቃ ሽያጭ ስምምነት ለዚህ «አቮይዳንስ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ጀርመን ከ1991 ጀምሮ አባል ናት፤ ብሪታንያ አይደለችም። ብዙ የጀርመን ሻጮች ይህን ስምምነት በውላቸው ስለሚያስወግዱት ተርጓሚው ከቃሉ በፊት ያንን አንቀጽ ማየት አለበት። አሠሪው ያለ ምክንያት ሲያቋርጥም ልዩነት አለ። በቤጌቤ አንቀጽ 648 ተቋራጩ ያልሠራው ሥራ ዋጋ ያተረፈው ወጪ ተቀንሶ ይከፈለዋል። በእንግሊዝኛ ውሎች ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው አንቀጽ ያልተሠራውን ሥራ ትርፍ ብዙ ጊዜ አይከፍልም።

ትናንሾቹ ቃላት

ትላልቆቹ ቃላት ጠበቃ ያስጠራሉ፤ ትናንሾቹን ማንም አያያቸውም። «ዞል» ድምፁ ከእንግሊዝኛው «ሻል» ይቀርባል። «ሻል» በውል ውስጥ ግዴታ ነው፤ የጀርመን ሕግ «ዞል» ግን በመደበኛው ይደረግ፣ በቂ ምክንያት ካለ መተው ይቻላል ማለት ነው። ግዴታውን የሚይዘው «ሙስ» ነው። በጨረታ ሰነድ ይህ ልዩነት ሐሳቡ ውድቅ የሚደረግበትን መስፈርት ነጥብ ብቻ ከሚያስቀንሰው ይለያል። «ግሩንድዜጽሊሽ» በተራ ንግግር ፍጹም ይመስላል፤ ጠበቃ ሲጽፈው ግን ልዩ ሁኔታው ከኋላ ይመጣል ማለቱ ነው። «ኡንፈርጹግሊሽ» ወዲያውኑ ማለት አይደለም፤ ቤጌቤ በአንቀጽ 121 በራስ ጥፋት ሳይዘገዩ ብሎ ተርጉሞታል። «በጽሑፍ» የሚለውም ሁለት ነው፤ «ሽሪፍትፎርም» በእጅ የተፈረመ ሰነድ ይጠይቃል፤ «ቴክስትፎርም» ኢሜይል ይበቃዋል። ሁለቱንም «ኢን ራይቲንግ» ያለ ትርጉም አንድ ወገን ማቋረጫውን በኢሜይል ልኮ ሳይሳካለት እንዲቀር ሊያደርግ ይችላል።

ከትርጉሙ ጀርባ ያለው ክርክር

ሙያተኞቹ በሦስት መንገድ ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በእንግሊዝ ሕግ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ቃል ይፈልጋሉ። ሱዛን ሻርቼቪች በ1997 ባወጣችው የሕግ ትርጉም መጽሐፍ ይህን መንገድ በዝርዝር ካጠኑት አንዷ ነች፤ ተመሳሳይነቱ ለሙሉ የቀረበ፣ ከፊል ወይም የሌለ ሊሆን እንደሚችል ለይታለች። ሁለተኛዎቹ የየትኛውም አገር ሕግ ያልሆነ ገለልተኛ ገላጭ እንግሊዝኛ ይመርጣሉ። ሦስተኛዎቹ ጀርመንኛውን እንዳለ አስቀምጠው ማብራሪያ ይጨምራሉ፤ «ፕሮኩራ» ለሚባለው በንግድ መዝገብ ለሚመዘገብ ሰፊ የንግድ ውክልና ሌላ መንገድ የለም። ሃንስ ፌርሜርና ካታሪና ራይስ በ1984 የጻፉት የዓላማ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ አተረጓጎሙን ከአንባቢውና ከሚያገለግለው ጉዳይ ጋር ያስራል። እኔ እንደማየው በውልና በጨረታ ላይ የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው፤ ኃላፊነት ለሚሸከሙ ቃላት ደግሞ ከሦስተኛው ይጨመርበት። የእንግሊዝ ሕግ ቃል የሚገባው ሕጉም የእንግሊዝ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው እንግዳ አይደለም። የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣ ነው። እንግሊዝኛውን ይዞ በኮመን ሎው መጽሐፍ ሊተረጉመው የሞከረ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ ቃሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ሐሳቡ ከአህጉሩ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ወደ ረቂቁ ምንጭ ካልተመለሱ አንቀጹ አይገባም።

ማሽኑና ፍርድ ቤቱ

ኮሎኝ የተወለደው ዲፕኤል ከ2017 ጀምሮ፣ ከዚያም ትላልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች የሥራውን ፍጥነት ቀይረዋል። ማሽኑ ዓረፍተ ነገሩን ያሳምራል፤ የሚሳሳተው ተርጓሚ በሚሳሳትባቸው በተለመዱት ቃላት ላይ ነው። አንዱን «አብናመ» በአንቀጽ 4 አንድ ነገር፣ በአንቀጽ 11 ሌላ ነገር ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ በውል ውስጥ ደግሞ ቃል ሲለወጥ ዳኛ ሐሳቡም ተለወጠ ብሎ ይጠይቃል። የተሰባበረ ትርጉም አንባቢውን ያስጠነቅቀዋል፤ ያማረ ትርጉም ግን ጥርጣሬ አያስነሣም። ስለዚህ ማሽን በተጠቀመ ቢሮ የሰው ሥራ ከማረም ወደ ስያሜ መጠበቅ ተሸጋግሯል።

በሌላ በኩል ጀርመን ራሷ ወደ እንግሊዝኛ እየቀረበች ነው። ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት የፌዴራል ክፍለ ግዛቶች ትላልቅ የንግድ ክርክሮች በእንግሊዝኛ የሚሰሙባቸውን ችሎቶች ማቋቋም ይችላሉ። ይህ ከዘለቀ የጀርመን ሕግ የራሱን እንግሊዝኛ በፍርድ ያበጃል፤ «አክሰፕታንስ ኦፍ ዘ ዎርክስ» ማለት «አብናመ» ነው የሚል ውሳኔ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል። እስከዚያ የሚኒስቴሩ የሕግ ትርጉሞች አሉ፤ አስገዳጅ አይደሉም፣ ግን ብዙ ሰው ስለሚያነባቸው ከእነሱ ያለ ምክንያት መራቅ አይገባም።

ሥራውን የሚያዝ ድርጅት ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር መናገር አለበት፤ ገዥው ሕግ የማን እንደሆነ፣ የሚያነበው መሐንዲስ፣ ባንክ ወይስ ጠበቃ እንደሆነ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ሲጋጩ የትኛው እንደሚጸና። ይህን ያወቀ ተርጓሚ ከላይ የተነሡትን ጥያቄዎች አብዛኛዎቹን ራሱ ይፈታቸዋል፤ ያልፈታቸውን ደግሞ ማን ሊፈታቸው እንደሚገባ ያመለክታል። የማያውቅ ግን ለንደን የሚያምርበትን ቃል መርጦ ፍራንክፈርት ላይ ያስከስሳል። የጀርመንኛው ቅጂ ይጸናል የሚለው አንቀጽም ማምለጫ መስሎ መታየት የለበትም፤ ጀርመንኛ የማያነበው ወገን የሚሠራው፣ ባንኩን የሚያዝዘው፣ ቀኑን የሚቆጥረው በእንግሊዝኛው ነውና፣ ስሕተቱ ዳኛ ፊት ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ ወጥቷል።